አስተርጓሚው ጠፍቷል

አጅማን ነው፤ ከዓሣ ገበያው አለፍ ብሎ፣
አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር አለ፣ የጥልፍ መኪና አዝሎ።
መስኮት የለው፣ ማውስ የለው፣ ሥዕል አያሳይ፤
(እኛም የምንተኛበት መስኮት የለውም ወደ ሰማይ።)
ሲበራ ጥቁር ነው፤ ጭረቷ ብቻ ብልጭ ድርግም።
«ምን ልታዘዝ?» እንኳ አይልም፤
ትእዛዙን ካላወቅህ፣ አያውቅህም።

ሱዳካራን ነበር ቋንቋውን የሚችለው፣
የኬረላው ሰው፣ ጢሙን በእርሳስ የሚያክከው።
ታሞ አገሩ ሄደ፣ በኩላሊት ሳቢያ፤
የተወልኝ ሦስት ፍሎፒ፣ ተጠቅልሎ በቁራጭ ዓባያ።
አንደኛው ላይ በእስክሪብቶ «ሌላ ሼል» ይላል፤
ምን እንደሆነ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት ነግሮኛል፦
ሼል ማለት ቅርፊት ነው፤ ከሥሩ ዶሱ ያው፣
ቅርፊቱ ነው እንጂ ከሰው የሚያወራው።

እኔ የሐይቅ ልጅ፣ ደሴ ስድስት ወር የተማርኩ፣
ሰርተፍኬቴን ከፍራሽ ሥር ያስቀመጥኩ፣
ዶስን ለፈተና ሸምድጄ በማግሥቱ የረሳሁ፣
ሌሊት፣ ሁሉ ሲተኛ፣ ቁልፍ ይዤ ተነሳሁ።

ሳቢትራ አንድ ፊደል ስትስት የቀን ደመወዟ ይቆረጣል፤
ራፊቁል ጭረቷን እያየ በላብ ይጠመቃል።
ቢያንስ ሲበራ ዝርዝር ቢያወጣ፣ አበባ፣ ሐረግ፣ ጨረቃ፣
በቀስት ወርደው ቢመርጡ፣ ነገሩ ባበቃ።

ኮንፊግ ሲስን ከፈትሁ።
«ሼል» ብዬ፣ እኩል ይሆናል ብዬ፣ መንገዱን ጻፍሁ፤
ሲ፣ ሁለት ነጥብ፣ ያጋደለ ጭረት፣ የአቃፊው ስም፣ የፋይሉ ስም፣
መርፌ የለመደ ጣቴ በቁልፎቹ መሀል ቢደናቀፍም።
አጥፍቼ አበራሁት።
ማራገቢያው ጮኸ። ቁጥር ቆጠረ። ጠበቅሁት።

«አስተርጓሚው ጠፍቷል፣ ወይም ተበላሽቷል» አለኝ፤
ከዚያ ወዲያ ዝም። ቁልፍ ብመታ፣ ብለምን፣ አልሰማኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር የት ነው የማውቀው?
ሻርጃ አየር ማረፊያ፣ ከመስታወቱ ፊት፣ የዛሬ አራት ዓመት ነው፤
ሰውየው ጠየቀኝ፣ ደግሞ ጠየቀኝ፣ ጠረጴዛውን መታ፤
አስተርጓሚ አልነበረም፣ ከጧት እስከ ማታ።
ፓስፖርቴ ሃያት ይላል። ደላላው ነው ያወጣልኝ፤
«ስንዱ እዚያ አይሆንም» ብሎ፣ በሁለት ሺህ ብር ሌላ ስም አለበሰኝ።
ከሥሩ ያው ነኝ።

ፍሎፒው ባይኖር ያን ሌሊት ጉድ ነበር፤
በኤ በኩል አስነሣሁት፣ በጓሮ በር።
ፋይሉን ገልጬ ፊደል በፊደል ፈለግሁ፤
አንዲት ኤስ ናት! አንዲት ኤስ ዘልዬ ነው ማሽን የገደልሁ።

ኤሷን መለስሁ፤ ሳልነቅል ፍሎፒ፣
የመጨረሻዋ ትዝ አለችኝ፦ ጭረትና ፒ።
ፒ ማለት ቋሚ ነው። ቋሚ ካልሆነ ቅርፊቱ፣
«ውጣ» ያለው ሁሉ ያስወጣዋል፣ ባዶ ይቀራል ቤቱ።
በዚህ አገር በየሁለት ዓመቱ ሲያድሱኝ፣
«ቋሚ» የሚል ቃል በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤
ያውም ለማሽን።

አጠፋሁ። አበራሁ።
አበባ፣ ሐረግ፣ ጨረቃ! በሳቅ ፈነዳሁ።
ሳቢትራ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ «ምን ሆንሽ?» አለች በአረብኛችን፣
በዚያ ሰዋስው በሌለው፣ አብረን በሰፋነው ቋንቋችን።
የቀድሞውን ኮማንድ አላጠፋሁትም፤ እዚያው ተኝቷል፤
ቅርፊት ሲሰበር ሰው ወደ ጥንቱ ይመለሳል።

ከዝርዝሩ ራስጌ ባዶ ቦታ ነበር፣ ለስም የሚሆን፤
በላቲን ጻፍሁት፤ ፊደሌን አያውቅም፣ ምን ይሁን።
አምስት ፊደል ናት፣ ከዚያ አትበልጥም፤
የመጀመሪያዋ ኤስ ናት፤ አሁን አልሳትኋትም።

ጧት አቡ ራሺድ መጣ፣ መቁጠሪያውን እያንኳኳ፤
«ሃያት!» አለ፤ «ይህን ማሽን ማን ነካ?»
«አቤት» አልሁ።
ጠጋ ብሎ አነበበ፤ «ሲንዱ ማን ነው? ምንድን ነው ነገሩ?»
«የፕሮግራሙ ስም ነው፣ ባባ» አልሁት፤ «የውስጡ፣ የሥሩ።»
ራፊቁል በቀስት ወረደ፤ ጨረቃ መረጠ፤
መርፌው ጥቁሩን ጨርቅ እየወጋ ሮጠ።